ግራ ትከሻ የሚዘለው ወንበር

ውድ ዕቃ ይበረክታል ያሉህ ሰዎች ዋሽተውሃል። እኔ የማሳጅ ወንበሬን ከናይሮቢ ያስመጣሁት አዲሱን፣ ከነላስቲኩ፣ ከነዋስትና ወረቀቱ ነው፣ ዓመት ሳይሞላው አንድ ቀን አቃስቶ ዝም አለ፣ አሁን ልብስ እከምርበታለሁ። ጎረቤቴ ጸጉር ቆራጩ ቦሩ ግን ቆዳው የተላጠ፣ ስንት ቂጥ እንዳለፈበት የማይታወቅ አሮጌ ወንበር በርካሽ ገዝቶ እዚሁ ሞያሌ፣ ማንያታ ሰፈር ያለች ሱቁ ውስጥ ጎለተው፣ ያ ግን ይሠራል። ቀናሁ፣ ምን እደብቅሃለሁ።

መንፈስ ምናምን በሚባል ነገር አላምንም፣ ስለዚህ ጉዳይ የተጻፈ ብዙ አንብቤ የተማርኩት ይበልጥ መካድን ብቻ ነው። ግን ስማኝ።

ዛሬ ከሰዓት ጸጉሬን ልስተካከል ስገባ ቦሩን ወንበሩ ላይ ተንጋሎ አገኘሁት።

«ጋሼ፣ ነገ ጠዋት ፉንዲ መጥቶ ይጠግነዋል» አለኝ። «ርካሽ ነገር! ቀኙን አሽቶ አሽቶ ግራ ትከሻዬ ጋ ሲደርስ ይዘለዋል። ሲጨርስ ደግሞ እንደ ሕፃን ቸብ ቸብ ያደርገኛል።»

ሚስቴ አስቴር በሕይወት እያለች አንገቴን ታሸኝ ነበር፣ ኬንያ፣ ዋልዳ የስደተኞች ካምፕ ሳለን እንጨት ስሸከም የተጎዳውን ግራ ትከሻዬን ግን ትዘለዋለች፣ ስትጨርስ ሁለቴ ቸብ ቸብ አድርጋኝ «ባሲ፣ በቃህ» ትለኛለች። ይህን ከእኔና ከእሷ በቀር ማንም አያውቅም፣ እመነኝ። ያን ውድ ወንበር የገዛሁትም እሷ ከሞተች በኋላ ነው።

«ተነሣ፣ እኔ ልሞክረው» አልኩት።

«ኧረ ጋሼ! የራስህ ዙፋን የለህም እንዴ?» እየሳቀ ተነሣልኝ።

ተቀመጥኩ። ቀኙን አሸኝ፣ ግራውንም አሸኝ፣ የተጎዳው ቦታ ላይ እንደ ብረት ተጫነኝ፣ ከዚያ ቆመ። ቸብ ቸብ የለም።

«ዳነ!» ብሎ ቦሩ አጨበጨበ፣ አስነሥቶኝ ተቀመጠ፣ ጥቂት ቆይቶ ፊቱ ተኮሳተረ። «ይኸው ዘለለው! ጋሼ፣ አንተን ይፈራል መሰለኝ።»

አፉን ሳይዘጋ መብራት ጠፋ፣ የጸጉር ማሽኑ ቻርጀር፣ የጎረቤት ሬዲዮ፣ ወንበሩ፣ ሁሉም ጸጥ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ከቦሩ ጀርባ ቸብ፣ ቸብ ሲል ሰማሁ።

ቦሩ ዓይኑን ጨፍኖ ፈገግ አለ። «ባሲ» አለ።

«ምን አልክ?»

«እኔ? ምንም አላልኩ።»

ስፕሪንጉ ላልቶ ይሆናል፣ መብራት ሲጠፋ ሲቀዘቅዝ ይሆናል፣ ይህን ሁሉ ለራሴ ነግሬዋለሁ። ግን ለምን እሱን? አብሬያት ያረጀሁት እኔ ነኝ፣ እሱ እሷን የሚያውቃት በመንገድ ሰላምታ ነው! ሽጥልኝ ብዬ ለመንኩት፣ ልመናዬን እንደ ይሉኝታ ቆጠረው።

«የተበላሸ ዕቃ ለጋሼማ አልሸጥም» አለኝ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። «መጀመሪያ ይጠገን።»

ሞያሌ ያለህ ፉንዲ ከሆንክ፣ ነገ ቦሩ ሲጠራህ አትሂድ።