የብራውሊዮ ምድጃ

ብራውሊዮን ያገኙት በተወለደበት ቤት፣ ምድጃው ዳር ካለው አግዳሚ ላይ ነው። አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል፤ ያንቀላፋ እንጂ የሞተ አይመስልም። ያንን የድንጋይ ቤት ከእሱ ገዝታ፣ ጠግና፣ ለከተማ እንግዶች የምታከራየው የእህቱ የፌርሚና የልጅ ልጅ ኒዬቬስ ናት። ፌርሚና ለወንድማቸው በቅጡ እንኳ አላለቀሱም። «ይቺን ልጅ ያስሩብኝ ይሆን?» እያሉ መሀረባቸውን ያጥፋሉ፣ ይዘረጋሉ።

ሳጅን ባሪዮስ ወሬ የማታበዛ ቀጭን ሴት ናት። ሐኪሙ «የከሰል ጢስ ነው የገደለው» ካላት በኋላ ጣራው ላይ ወጣች። የጢስ መውጫው በጠፍጣፋ ድንጋይ ተከድኖ አገኘችው።

«ከሽማግሌው ጋር ተጣልተሃል አሉ» አለችው፣ ቤቱን የጠገነውን ግንበኛ ኤቫሪስቶን።

«ያልተጣላው ማን አለ? ምድጃውን እናፍርሰው ስለው በአካፋ አባረረኝ። ሰውዬው እኮ ከገዛ በቅሎው ጋርም ይኳረፍ ነበር!»

«አንቺስ?» አለች ሳጅኗ ወደ ኒዬቬስ ዞራ።

«እሑድ እንግዶቹን ሸኝቼ ቡርጎስ ሄድኩ። ዛሬ ነው የተመለስኩት» አለች ኒዬቬስ።

«በሩ አልተሰበረም። ቁልፉን ማን ሰጠው?»

ልጅቷ አያቷን ሰረቅ አድርጋ አይታ አቀረቀረች። ፌርሚና ክው አሉ። «ልጄ ምንም አታውቅም! ዶሮ ሲታረድ እንኳ ማየት አትችልም!»

ሳጅኗ ሦስቱንም ምድጃው ፊት አስቀመጠቻቸው።

«ጓዳው የተፈለጠ እንጨት ሞልቶታል፤ ብራውሊዮ ግን ከሰል ነው ያነደደው። ለምን? የእንጨት ጢስ ከጎረቤት መስኮት ይታያላ! ተደብቆ ነበር ማለት ነው። ከማን?»

«ከአያቴ» አለች ኒዬቬስ እንባዋ እየወረደ። «ቁልፉን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ቤቱ ባዶ ሲሆን እየመጣ ይቀመጥ ነበር። ‹ለእህቴ እንዳትነግሪ፤ ብቻውን ወድቆ ይቀራል እያለች እንቅልፍ ታጣለች› አለኝ።»

«ድንጋዩስ?» አለ ኤቫሪስቶ።

«ሊገድል የመጣ ሰው ድንጋዩን ጭኖ ይሮጣል። ይሄ ግን ዙሪያው በጭቃና በጭድ ተመርጓል፤ ቁራ ጎጆ እንዳይሠራበት፣ ዝናብ እንዳያስገባ። ጭቃውም የዚህ ሳምንት ነው። አንተ የከተማ ሰው ነህ፤ ለጢስ መውጫው ያዘዝከው የብረት ክዳን ነው። ኒዬቬስም እዚህ አልነበረችም።» ሳጅኗ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እማማ ፌርሚና፣ እዚህ አገር ቤት ባዶ ሲቀር ጢስ መውጫውን የሚዘጋው ማነው?»

«የቤቱ ትልቅ ሴት ናታ» አሉ ሳያስቡት። «እናቴ ናት ያስተማረችኝ። ልጅቷ እንደሆነች ትረሳዋለች፣ ቤቷ ይበላሽባታል ብዬ ሰኞ ዕለት ጣራው ከዳገቱ በሚገናኝበት በኩል ወጥቼ…»

ዞረው ምድጃውን አዩ። ኤቫሪስቶ ቆቡን አወለቀ።

«አደጋ ነው እማማ። እኔም አደጋ ብዬ ነው የምጽፈው» አለች ሳጅኗ።

ፌርሚና አልሰሟትም። «አንድ ቃል ቢተነፍስልኝ ምን ነበረበት? አብሬው ቁጭ እል ነበር እኮ!»

ኒዬቬስ ተንበርክካ ጉልበታቸውን አቀፈች። እሳቸው ፊቷን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ላይ ቀና አደረጉት።

«አንቺስ ሌላ ምን ደብቀሽኛል፣ ልጄ? ንገሪኝ ግድ የለም። አልጨነቅም።»