ያልጠቆረው ዱቄት

ዶክተር ጉልላት ቤቴል ሰፈር በተከራየው ቤተ ሙከራ፣ ከመሣሪያው አጠገብ እንደተቀመጠ ሞቶ ተገኘ። ፊቱ ቀልቷል። ሐኪሙ አስከሬኑን አይቶ «በካርቦን ሞኖክሳይድ ታፍኖ ነው» አለ። ኢንስፔክተር ተናኘ ግን ሬሳውን ትታ ክፍሉን አሸተተች። ሰው ከመጠየቋ በፊት ክፍል መጠየቅ ትወዳለች፤ ክፍል ጠበቃ አያቆምም።

ለጥያቄ ቀድማ የገባችው ረዳቱ ሌሊሴ ነበረች።

«ሥራችሁ ምንድን ነው?»

«እኔ ዱቄቱን እሠራለሁ። እንደ ስፖንጅ የተቦረቦረ ነው፤ ሴሪየም የሚባል ብርቅ ማዕድን አለበት። የቀለም ማቅጠኛ በላዩ ስናሳልፍ ሳይቃጠል የሽቶ ቅመም ይሆናል። አልሞንድ አልሞንድ ይሸታል።»

«ሴሪየም የሌለበት ዱቄት ቢገባስ?»

«ይቃጠላል።»

ክፍሉ አልሞንድ አይሸትም ነበር።

ሚስቱ ወይዘሮ ሰብሌ እንባዋን ጠረገች። «ሽታውን መማግ ይወድ ነበር። መስኮት ዘግቶ ነው የሚቀመጠው። የሌሊሴ እህት ቦንቱ የመሣሪያው ቱቦ ፈንድቶባት ከሞተች በኋላ እንኳ አልተወም። ‹በራሷ ጥፋት ነው› ብሎ ፈረመ።»

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ተናኘ ይህን በልቧ ይዛ ቱቦ አጣቢውን አቶ ማኑሄን ለብቻው አነጋገረች፤ ከዚያ ሦስቱንም ሰበሰበች።

«ቱቦው ውስጥ ያለው ትክክለኛው ብጫ ዱቄት ነው። ግን ትናንት የሠራው እሱ ቢሆን ክፍሉ ይሸት ነበር። ስለዚህ ገዳዩ ሴሪየም የሌለበት፣ አቃጥሎ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚያወጣ ዱቄት አስገብቶ፣ ጠዋት ይህን ተክቶበታል። አቶ ማኑሄ፣ ሠርቶ የወጣ ዱቄት ምን ይመስላል?»

«ከሰል።»

«ውሸት ነው» አለች ሌሊሴ። «የእኔ ዱቄት አይጠቁርም። የምርምር ጽሑፋችን ላይ አለ።»

«የጻፈው ጉልላት ነው፤ ዋሽቷል። ጥቁሩን ማንም ሳያይ እንዲጥሉት አቶ ማኑሄን ያዛቸው ነበር። እሳቸው ቢሆኑ ጥቁር በተኩ ነበር። ወይዘሮ ሰብሌ ዱቄት ከዱቄት አይለዩም። ሁለቱንም መሥራት የምትችይ፣ አይጠቁርም ብለሽም ያመንሽ አንቺ ብቻ ነሽ።»

ሌሊሴ አልካደችም። «እህቴን ገድሎ ሬሳዋን ወነጀለ። በሚኮራበት ሽታ ፋንታ ሞቱን እንዲምግ ፈለግሁ። ደስ ብሎኛል።»

«ቦንቱ የሞተች ቀንም ጥላሸቱ ነው ቱቦውን ደፍኖ ያፈነዳው» አለች ተናኘ ቀስ ብላ። «አቶ ማኑሄ አሁን ነገሩኝ።»

የሌሊሴ ፊት ተለወጠ። «ጋሼ ማኑሄ፣ ያውቁ ነበር?»

«ሥራዬን እንዳላጣ ፈራሁ፣ ልጄ።»

«አንድ እፍኝ ጥቁር ዱቄት ቢያሳዩኝ እሱን ለማጋለጥ ይበቃኝ ነበር።» እጇን ለካቴናው ዘረጋች። «በሕይወት አቆየው ነበር። ተዋርዶ፣ ወህኒ ሲማቅቅ እያየሁ እኖር ነበር። አሁን ግን ነገ በክብር ይቀበራል፤ የሚለቀስለትም እሱ ነው።»