የዱረቲ ድንጋዮች

አምቦ ውስጥ ዱረቲን «አንዱን ተዪው» ያላላት ሰው ካለ፣ ገና ያልተዋወቃት መሆን አለበት። የማዕድን ምህንድስናና ኬሚስትሪ አንድ ላይ ይዛ ለሁለት ዲግሪ ትማራለች። መምህሮቿ «ይከብድሻል» አሏት። ጎረቤት «ሴት ልጅ ድንጋይ ስትፈልጥ አያምርም» አለ። እናቷ አዴ ጂቱ ደግሞ «ሁለት ዲግሪ ስትዪ ሁለት ጊዜ ቆመሽ እንዳትቀሪ» እያሉ ያሾፉባታል። በቀልዳቸው ውስጥ ግን ፍርሃት ነበር።

ዱረቲ የያዘችውን የምትለቅ ልጅ አይደለችም። ድንጋዩን ከተራራው ማውጣት አንድ ነገር ነው፤ በውስጡ ምን እንዳለ ማወቅ ሌላ። አንዱን ብቻ መማር ለእሷ ቤት ሠርቶ በር እንደ መርሳት ነበር።

ከኤጄታ ጋር ያገናኛትም ድንጋይ ነው። ኤጄታ በድንቿ የታወቀችው የጎጆ ከተማ ልጅ፣ የኬሚስትሪ ተማሪ፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። አንድ ቀን ላብራቶሪ ውስጥ፣ ከጉደር ማዶ ያመጣችው ነጭ ድንጋይ ላይ አሲድ ጠብ ስታደርግ አረፋው ቡፍ ብሎ ፈላ።

«የአምቦ ውሃ ከፈትሽ እንዴ?» አላት ከኋላዋ።

«የኖራ ድንጋይ ነው። ብርጭቆ ብታመጣም አልቀዳልህም።»

ሳቀ። ዞር ስትል ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙና ሳቁን ረሳው። እሷም የያዘችውን የአሲድ ማንጠብጠቢያ ረስታ ቆመች።

ከዚያ ወዲያ አልተለያዩም። አብረው አጠኑ፤ ለመስክ ሥራ ስትወጣ የድንጋይ ከረጢቷን ተሸከመላት። በመጨረሻም «ሽማግሌ ልላክ?» ሲላት፣ «ላክ» አለችው፤ ልቧ እየዘለለ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። አዴ ጂቱ ሳሎኑን የሞሉትን የልጃቸውን ድንጋዮች እየለቀሙ አልጋ ስር ደበቁ። ወጉ የታወቀ ነው። ሽማግሌ ቆሞ ይናገራል፤ «ተቀመጡ» ከተባለ ልጅቷ ተሰጠች ማለት ነው። ልጅቷ ከጓዳ አትወጣም፤ ጠያቂው ልጅ ደግሞ ከናካቴው አይመጣም።

የኤጄታ አጎት ኦቦ አመዩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጃችሁን ለልጃችን ብለን መጥተናል። እናቱ ግን አንዲት ነገር ብላለች። ኬሚስትሪው ይበቃታል፤ አስተማሪ ትሁን። ከወንድ ጋር በየጫካው ድንጋይ ፍለጋው ይቅር። ልጁም ተስማምቷል።»

ልጁም ተስማምቷል! ዱረቲ ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ደሟ ፈላ። ሌላው ሁሉ ቢነገር ትችለው ነበር፤ ይህችን ግን አልቻለችም። መጋረጃውን ገልጣ ወጣች።

«ይቅርታ አባ። እኔ አልተስማማሁም። ሁለቱንም እማራለሁ።»

አዴ ጂቱ ከንፈራቸውን ነከሱ። አባቷ ኦቦ ኦሊቃ ልጃቸውን ትኩር ብለው አዩዋትና ወደ እንግዶቹ ዞሩ። «ዘመድ ላማክር። የዛሬ ሁለት ሳምንት ተመለሱ» አሉ። ሽማግሌዎቹ እንደቆሙ ሄዱ።

በማግስቱ ኤጄታን የሁሉቃ ወንዝ ድልድይ ላይ አገኘችው።

«ተስማምተሃል?»

«እናቴ ስትናገር ዝም አልኩ እንጂ አልተስማማሁም። ሽማግሌው አንዴ ይግባ፣ ሌላው ኋላ ይስተካከላል ብዬ ነው። ዝምታ ወርቅ ነው ይባል የለ?»

«ወርቅንና እንዲያው የሚያብለጨልጭ ድንጋይን መለየት ነው የምማረው ኤጄታ። ያንተ ዝምታ ወርቅ አይደለም።»

አንገቱን ደፋ። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ግን አልጠረገችውም።

«እወድሃለሁ። አንተን ብዬ ግን ግማሽ ሰው አልሆንም። ሽማግሌዎችህ ሲመለሱ አፍህ አብሯቸው ካልመጣ፣ እነሱም አይምጡ።»

«ጠያቂ ከሽማግሌ ጋር አይሄድም ዱረቲ፤ ነውር ነው።»

«ሴት ልጅም ሽማግሌ ፊት አትናገርም ነበር» ብላው ሄደች።

አልደወለም። እሷም አልደወለችም። ናፈቃት፤ በጣም ናፈቃት፤ ትራሷን አቅፋ አለቀሰች። ሲነጋ ግን ፊቷን ታጥባ ላብራቶሪ ገባች።

የቀጠሮው ቀን አዴ ጂቱ ድንጋዮቹን ሊደብቁ ጎንበስ ሲሉ እጃቸውን ያዘቻቸው።

«ተዪው ሃርሜ» አለች እናቷን። አልጋ ስር የነበሩትንም ጭምር አውጥታ ሶፋውና አግዳሚው ላይ ደረደረቻቸው።

«ኧረ ሰው የት ሊቀመጥ ነው?»

«መቀመጣቸው መች ታወቀና!»

በሩ ተንኳኳ። ሽማግሌዎቹ ገቡ፤ ከኋላቸው ኤጄታ ነበር። ኦቦ አመዩ ፊታቸው ጠቁሯል። «ዘንድሮ ጉድ ነው፤ ተው ብንለው እንቢ ብሎን መጣ» እያሉ አጉረመረሙ።

ኤጄታ ወደፊት ወጣ።

«ኦቦ ኦሊቃ፣ ያለፈው ቃል የእኔ አልነበረም። ዝም ማለቴ ግን የእኔ ጥፋት ነው። ዱረቲ ሁለቱንም ትማራለች። እናቴ ተቀይማኛለች፤ እለምናታለሁ፤ እሺ ባትለኝም ቃሌ ይኸው ነው።»

ኦቦ ኦሊቃ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አንቺስ?»

ዱረቲ ሮጣ ልታቅፈው ፈልጋ እግሯን ገታችና ወደ ኤጄታ ዞረች።

«ስመረቅ ሥራዬ መስክ ላይ ነው። ወር ሙሉ ብጠፋ ምን ልትበላ ነው?»

«የጎጆ ልጅ ድንች መቀቀል አያቅተውም። ወር ሙሉ ድንች እበላለሁ።»

አንደኛው ሽማግሌ ሳቅ አመለጣቸው። አዴ ጂቱም አፋቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። ኦቦ ኦሊቃ ግን ሳይስቁ፣ «እንግዲህ መልሱ የእሷ ነው» አሉ።

«ሠርጉ ከሁለቱም ዲግሪ በኋላ ነው» አለች ዱረቲ።

«ይሁን» አለ ኤጄታ።

«እንግዲያው ተቀመጡ» አለች ዱረቲ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞራ።

ሽማግሌዎቹ ግራ ቀኙን አዩ። መቀመጫው ሁሉ ድንጋይ ነው። ኤጄታ እጅጌውን ሰበሰበና የመጀመሪያውን ድንጋይ አነሳ።

«ይሄን የት ላስቀምጠው?»

«አልጋ ስር አይሁን እንጂ» አለችው፣ «የፈለግህበት።»