ፊውዙ እጄ ላይ ነበር

የሞተ ሰው ድምፅ ተሰማ የሚል ወሬ ሲነሳ ሳቄ የሚቀድመኝ ሰው ነበርኩ፣ ምክንያቱም እንጀራዬ ድምፅ ነው፤ ቡታጅራ ውስጥ የመኪና ቴፕና ስፒከር እገጥማለሁ፣ እንግዳ ድምፅ ሁሉ ወይ የላላ ሽቦ ነው ወይ የተቃጠለ ስፒከር፣ ሌላ ምስጢር የለውም ብዬ ነው የኖርኩት።

ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ ሾፌሩ ጋሽ ሱሩር ያቺን አሮጌ ሚኒባሳቸውን ይዘው መጡ። ተማሪ ሳለሁ ቡኢ ያለችው አክስቴ ጋ የምመላለሰው በእሷ ነበር። ረዳታቸው ናስር ቦታ ሲጠፋ እኛን ተማሪዎቹን ከሾፌሩ ጀርባ ሞተሩ ላይ አጣብቆ ይጭነናል፣ ሙቀቱ እስከ ቡኢ ድረስ ይቀቅለናል፣ እሱ ካሴቱን ከፍ አድርጎ አብሮ ይዘፍናል። ቆርቆሮውን በመዳፉ አንዴ ከመታ ወራጅ አለ፣ ሁለቴ ከመታ ሂድ ማለት ነው። እመኑኝ፣ ከዚያ ወዲህ በስንት ጥሩ መኪና ሄጃለሁ፣ እንደዚያ ደስ ያለኝ መንገድ ግን የለም። ናስር ታሞ ከሞተ ቆይቷል፤ የተቀበረውም እዚያው ቡኢ ነው።

ጋሽ ሱሩር ዛሬ ሥራ አቁመዋል፣ ጆሯቸውም ሄዷል፣ ጆሯቸው ሥር ካልጮኹ አይሰሙም። "ዘፈኑን በጆሮዬ ካልሰማሁት በደረቴ ልስማው፣ ጥሩ ባስ ግጠምልኝ" አሉኝ።

ድምፁን የሚያጎላውን አምፕ ከወንበር ሥር አሰርኩ፣ ትልቁን የባስ ስፒከር ከኋላ አስቀመጥኩ፣ ባትሪው እንዳይደክም ሞተሩን አስነስተን ማስተካከሉን ጀመርኩ። የአምፑን ጉልበት ከዝቅተኛው ተነስቼ ድምፁ መሰንጠቅ እስኪጀምር ከፍ አደረግኩና ትንሽ መለስኩት፣ ቀጭኑን ድምፅ ቆርጬ ወፍራሙን ብቻ ተውኩለት። ጋሽ ሱሩር መሪው ጋ ተቀምጠው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው እንደ ልጅ ፈገግ ይላሉ።

ከባሱ ሥር ግን አንድ ነገር ይሰማኛል፣ በሩ ተከፍቶ የሚሮጥ መኪና ውስጥ የሚገባ ንፋስ ዓይነት። ቴፑን አጠፋሁ፣ አልጠፋም። የድምፁን ገመድ ነቀልኩ፣ አሁንም አለ። በመጨረሻ አምፑ ኤሌክትሪክ የሚያገኝበትን ፊውዝ አወጣሁትና ጸጥ አለ፣ እኔም አገኘሁት ብዬ ተነፈስኩ። ፊውዙ አንድ እጄ ላይ፣ ሌላው መዳፌ ስፒከሩ ላይ እንዳለ ስፒከሩ ሁለቴ መታ። በጆሮዬ ብቻ ቢሆን ተሳስቻለሁ እል ነበር፣ መዳፌን ነው ወደ ላይ የገፋው።

ይህን ጊዜ ጀርባቸውን የሰጡኝ ጋሽ ሱሩር ማርሽ አስገብተው መንዳት ጀመሩ። ተንደርድሬ ትከሻቸውን ያዝኩና አስቆምኳቸው።

"ናስር ሂድ አለኝ እኮ፣ አልሰማህም እንዴ?" አሉኝ ዞረው።

ፊውዙን እንደያዝኩ ወረድኩ፣ እሳቸው ሄዱ።

በማግስቱ ጠዋት ዓይናቸው ቀልቶ መጡ። "ቡኢ መግቢያ ላይ አንዴ ተመታ፣ ቆምኩለት፣ ከዚያ ወዲህ ድምፁ የለም" አሉኝ። ፊውዙ ያደረው እኔ ሱቅ ጠረጴዛ ላይ መሆኑን ልብ በሉ።

"መልሰህ አስተካክልልኝ፣ ልጄ" አሉኝ።

ፊውዙን መልሼ የአምፑን ቁልፍ ሁሉ ስጠመዝዝ ዋልኩ፣ እንዲመጣም እየተመኘሁ፣ እንዳይመጣም እየፈራሁ። ጥርት ያለ ባስ ብቻ ነበር የወጣው። አመስግነውኝ ሄዱ፣ ፊታቸውን ግን ማየት አልቻልኩም።

በቀደም በአውቶቡስ ከአዲስ አበባ ስመለስ ሚኒባሷን ቡኢ መግቢያ ዳር ላይ ቆማ አየኋት። የጎን በሯ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ውስጧ ባዶ ነው፣ ጋሽ ሱሩር መሪውን ይዘው ፊት ለፊት ያያሉ። በመስኮት እጄን አነሳሁላቸው፣ አላዩኝም። አውቶቡሳችን ልክ ሲያልፋት ሚኒባሷ በበሩ በኩል ቀስ ብላ ዘመም አለች፣ ሰው ሲሳፈርባት እንደምትሆነው፣ ከዚያም ተንቀሳቀሰች።