ጢንዚዛ ያጣው ጥጥ

ዑመር በጨፋ ሜዳ፣ ከጥጥ ማሳው ዳር ባለው ግራር ሥር ሞቶ የተገኘው በረመዳን፣ በማለዳ ነበር። አፉ ላይ አረፋ ደርቋል፤ አጠገቡ የተባይ መድኃኒት የሚሸት ጀሪካን ወድቋል። ዘመዶቹ ዱላ ይዘው በማሳ ድንበር ከዑመር ጋር የተካሰሰውን ጎረቤቱን ቶፊቅን ከበውታል። ኢንስፔክተር ሰገነት ከከሚሴ ስትደርስ፣ ገዳዩን ቶሎ ካላገኘች ሌላ ሬሳ እንደሚጨመር ገባት።

ጥጡን ተመለከተች። የመስከረሙ ዶፍ ከቶፊቅ ማሳ ላይ ጥጡን የሚመጠውን ነጭ ዝንብ አርግፎታል፤ የተረፈውን ቀያይ ጢንዚዛዎች እየለቀሙ ይበሉታል። የዑመርን ቅጠል ስትነካ ግን ዝንቡ እንደ አመድ ቦነነ። ጢንዚዛዎቹ ዝናቡ አጥቦት በደረቀው መሬት ላይ ሞተው ተበትነዋል።

የሟች ሚስት ረቢአ፣ ባሏ ማሳው ላይ መድኃኒት አስረጭቶ እንደማያውቅ ነገረቻት።

«ጢንዚዛዎቼን ገድዬ ዝንቡን ማን ይበላልኛል ይል ነበር።»

ዑመር ትናንት ባቲ ገበያ ሊያድር ሄዶ፣ መኪና ስላገኘ ከሰዓት በኋላ ወደ ቤቱ ተመልሶ፣ ጥጡን እየጠበቀ ሊያድር ወደ ማሳው ወርዷል። ቶፊቅም ሲያልፍ አይቶታል።

«ሰላም እንኳ አላልኩትም» አለ አንገቱን ደፍቶ።

ከሚሴ ሱቅ ያለው የዑመር ታናሽ ወንድም ዘይኑ ግን እያለቀሰ፣ «ባቲ አድራለሁ ብሎኝ ነበር» አለ።

ሰገነት ሁሉንም ግራሩ ሥር ሰበሰበች።

«ይህ ማሳ ከዝናቡ በኋላ ተረጭቷል። የረጨው ሰው የቅጠሉን ጀርባ ሳይቀር ረድፍ በረድፍ አዳርሷል። ጠላት ለሰው ጥጥ እንዲህ አይደክምም። መድኃኒቱ ጢንዚዛውን ፈጀው፤ ዝንቡ በዝቶ ተመለሰ። ሰውዬው ትናንት ጠዋት ደግሞ ሊረጭ መጣ፤ የተረፈውን በጀሪካን አድርጎ ዑመር የመጠጥ ውሃ በሚያኖርበት በዚህ ጥላ ሥር ተወው። ረቢአ ብትሆን ባሏን ታስጠነቅቀው ነበር። ይህ ሰው ግን ዑመር ባቲ የሚያድር መስሎታል። የማፍጠሪያው አዛን ሲል ዑመር በድንግዝግዙ ጀሪካኑን አነሳ። ቀኑን ሙሉ የጾመ ሰው አሽትቶ አይጠጣም።»

ዱላዎቹ አንድ በአንድ ወረዱ። ዘይኑ ተንበረከከ። ወንድሙ በጥጡ ጭንቀት እንቅልፍ ማጣቱን አይቶ፣ እንዳይቆጣው ተደብቆ መርጨቱን ተናገረ።

«ወላሂ ላድንለት ነበር።»

ሰገነት ካቴናውን አላወጣችም፤ ክንዱን ይዛ አስነሳችው። ረቢአ መንገዳቸው ላይ ቆመች። የዘይኑን ፊት በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችለት።

«ዘይኑዬ» አለችው፣ «ብትነግረው እኮ ይስቅብህ ነበር እንጂ አይቆጣህም ነበር።»