የአስማማው ጓጉንቸር

አስከሬኑ በፍሳሽ ጉድጓዱ አፍ አጠገብ በሸራ ተሸፍኖ ተጋድሟል። ከጣና የሚነሣው ነፋስ የሸራውን ጠርዝ ያነሣና ይጥላል። ከቆዳ ፋብሪካው በስተጀርባ፣ እምቦጭ ባለበሰው ዳርቻ፣ ውኃው ድምፅ አልባ ነበር።

ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ሲደርሱ ሟቹን በሕይወት ሊያገኙት ነበር ቀጠሯቸው። ከፌዴራል መሥሪያ ቤት የተላኩት ክልሉ የሥራ ቦታ ደኅንነትን በእርግጥ ይቆጣጠር እንደ ሆነ ሊመረምሩ ነው። የክልሉ ተቆጣጣሪ አስማማው ትናንት «በሪፖርቱ ላይ የምነግርዎት አለኝ» ብሎ ወደዚህ ጠርቷቸው ነበር።

ሳጅን አበራ የፋብሪካውን የደኅንነት ሠራተኛ፣ ርሆቦትን፣ ክንዷን ይዞ ቆሟል።

«በቸልተኝነቷ ሰው ሞቷል። ወደ ጣቢያ ልወስዳት ነው» አለ።

«ጥቂት ይታገሡኝ» አሉት ወይዘሮ ፀሐይወርቅ። «ልጄ፣ ያየሽውን ንገሪኝ።»

«ጋሼ አስማማው የፍሳሹን ቧንቧ ራሳቸው ዘጉ። ቀዩን ጓጉንቸራቸውን ቆለፉበት፤ ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱ። ጉድጓድ የሚገባ ሁሉ እንዲህ ነው የሚያደርግ፤ ያስተማሩንም እሳቸው ናቸው። ከዚያ ጉድጓዱን ሊመረምሩ ወረዱ፤ እኔ አፉ ላይ ቆምሁ።»

«ስለ ምን ተለየሽ?»

«ሥራ አስኪያጁ ደወለልኝ። የፌዴራሏ እንግዳ መጥታለች፣ ነይ ተቀበያት አለኝ። ሄድሁ፤ በሩ ላይ ማንም የለም። ስመለስ…» በእጇ ወደ ሸራው አመለከተች።

«ደወልሁ፣ አልክድም» አለ ሥራ አስኪያጁ አቶ መልካሙ። «ግን ጓጉንቸሩ ይኸው እንደ ተቆለፈ ነው፤ ቁልፉም ከሟቹ ኪስ ወጥቷል። ቀድሞ የተጠራቀመ ጋዝ ነው የገደለው። ሳይለካ ማን አስወረደው? ደግሞስ ፌዴራል ከመቼ ወዲህ ነው ጉድጓድ ለጉድጓድ የሚዞረው?»

«ወረቀቱ መሽተት ሲጀምር» አሉ ወይዘሮ ፀሐይወርቅ።

ተንበርክከው ከሟቹ መታጠቂያ ላይ የጋዝ መለኪያውን ፈቱ፤ የመዘገበውንም ረጋ ብለው አነበቡ። ከዚያ ወደ ቧንቧው ሄደው ጓጉንቸሩን አገላበጡት። አንዳች ጭረት የለበትም።

«ቁልፉ የጠፋበት ሰው ጓጉንቸሩን ምን ያደርገዋል?» ሲሉ ጠየቁ።

«በመጋዝ ይቆረጣል፤ አንድ ሰው፣ አንድ ቁልፍ ነው ደንቡ» አለች ርሆቦት።

መልካሙ ከንፈሩን አጣመመ። «የእኛዎቹን አምና ሦስት ቆረጥን። ፋብሪካው የቆዳ ይሁን የብረት እንጃ!»

ከአስማማው ጋር በማለዳ የመጣው አለቃው፣ የክልሉ የቁጥጥር ቡድን መሪ አቶ ኪዳነ ወልድ፣ ማኅደር ታቅፎ ከጥላው ሥር ተቀምጧል። ቅር ተሰኘ።

«ይህ ግን የቢሯችን ነው። የመንግሥት ንብረት እንዴት ይቆረጣል? ከቢሮ…» አለና ቃሉን ሳይጨርስ ማኅደሩን ይገልጥ ጀመር።

ወይዘሮ ፀሐይወርቅም ተመለከቱት። ከዚያ አራቱንም በቧንቧው ዙሪያ ሰበሰቧቸው።

«መለኪያው በየደቂቃው ይመዘግባል» ሲሉ ጀመሩ። «በሦስት ከዐሥር፣ ሲወርድ፣ ዜሮ። በሦስት ከሃያም ዜሮ። በሦስት ከሃያ አምስት ገዳይ መጠን። ስለዚህ ጋዙ ቀድሞ አልነበረም፤ ሰውየው ከታች ሳለ ቧንቧው ተከፍቶ ጋዙን አስገብቷል። ርሆቦት አልከፈተችም፤ ቁልፉ ከሟቹ ጋር ከታች ነበር። ጓጉንቸሩ አልተሰበረም። እንግዲያው ከፍቶ መልሶ የቆለፈ ሁለተኛ ቁልፍ አለ።»

«ደንቡ አይፈቅድም እኮ» አለች ርሆቦት።

«የደኅንነት ደንብ አይፈቅድም፤ የግምጃ ቤት ልማድ ግን ያዝዛል። በቢሮዎቻችን የማንኛውም ቁልፍ ትርፉ ከኃላፊው እጅ ይቀመጣል። ትናንት የቢሮውን ሰነድ ስመረምር የንብረት ወጪ ቅጹን አይቻለሁ፤ የዚህን ጓጉንቸር አንዱን ቁልፍ አስማማው፣ ሌላውን አቶ ኪዳነ ወልድ ፈርመው ወስደዋል። አቶ መልካሙ፣ ገና ሳልደርስ መጣች ብሎ ማን ነገረዎት?»

የመልካሙ ፊት ዐመድ መሰለ። «እሳቸው። አቶ ኪዳነ ወልድ ናቸው ያሉኝ።»

ሳጅኑ የርሆቦትን ክንድ ለቆ የቡድን መሪውን ኪስ ፈተሸ። ከቁልፎቹ መካከል ትንሹ ቀዩን ጓጉንቸር ያለ ችግር ከፈተው።

«አርባ ሦስት ድርጅት» አለ ኪዳነ ወልድ በደረቀ ድምፅ። «ዕቅዱ እንዲሞላ የቁጥጥር ቅጹን ቢሮ ተቀምጬ በእርሱ ስም ሞላሁ። አንዱንም አላየሁም ሊልዎት ነበር። ለመንሁት። እምቢ አለ።»

ሳጅኑ ካቴናውን አውጥቶ አሰረው። «አንቺ ሂጂ» አላት ርሆቦትን።

ርሆቦት አልሄደችም። ተረኛው ፈረቃ ከበሩ ውጭ ተሰልፏል፤ መልካሙም ለጥበቃው «አስገባቸው» እያለ ነበር።

«ጉድጓዱ አልጸዳም። አይገቡም» አለች።

«ፋብሪካ መዝጋት የክልሉ ሥልጣን ነው፤ ክልሉ ደግሞ ይኸው ታስሮ ቆሟል። ወይዘሮዋም ቢሆኑ ከመጻፍ በቀር አይችሉም» አለ መልካሙ።

«እውነታቸውን ነው፤ እኔ እጽፋለሁ። መልሱ እስኪመጣ ግን ሳምንታት ያልፋሉ» አሉ ወይዘሮ ፀሐይወርቅ።

«ሰማሽ? በማን ፊርማ ልትዘጊው ነው?»

ርሆቦት ከማስታወሻ ደብተሯ አንድ ገጽ ቀደደች። «ጉድጓዱ እስኪጸዳ ተዘግቷል» ብላ ከሥሩ ስሟን ከነአባቷና ከነአያቷ ጻፈች፤ ፈረመችበትም።

«በእኔ» አለች፤ ወረቀቱንም በበሩ ፍርግርግ ላይ ሰካችው።

በሩ ተከፍቶ ነበር። ከተሰለፉት አንድም ሰው አልገባም።