ደረቅ ድምፅ

«አንቺ ነሽ! ከአንቺ ሌላ ወደዚህ ክፍል የገባ ሰው የለም!»

«መጀመሪያ ማይኩን አስቀምጥ! ሰው ሞቶ አንተ ዕቃ ትለቅማለህ?»

«ዕቃውን እኔ ነኝ መርጬ የገዛሁት!»

ኢንስፔክተር የብርጓል በሩ ላይ ቆማ ብታዳምጣቸውም ሙላትና ሔዋን አላዩዋትም። በመካከላቸው፣ ወለሉ ላይ፣ ዘማሪው ድረስ በግንባሩ ተደፍቶ ነበር። ከኋላ ጭንቅላቱ የፈሰሰው ደም ረግቷል።

«ማይኩን መልሰው» አለች። ጮክ ብላ አይደለም፤ ግን ሙላት መለሰው። «ሁለተኛ አንድም ዕቃ እንዳትነካ። ሁላችሁም ወደ ግቢው ውጡ።»

ቤቱ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ያለው የሥራነሽ፣ የሟች እኅት፣ ቤት ነው። ድረስና ሙላት ከሁለት ዓመት በፊት የኋላውን ክፍል የመዝሙር መቅጃ አድርገውታል። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በእንቁላል መያዣ ካርቶን ተለጥፏል፤ በሩ ከውስጥ ወፍራም ብርድ ልብስ ለብሷል። ጠረጴዛው ላይ አንድ ኮምፒዩተር፣ አንድ ሚክሰርና ሁለት ስፒከሮች አሉ። የማይኩ መቆሚያ ወድቋል፤ ከባዱ የብረት እግሩ ላይ ደም አለበት።

የብርጓል ተንበርክካ የሟቹን መንጋጋ ነካች። ደርቋል። ሰዓቷን አየች፤ አሥር ሰዓት ነው።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አለ ሳጅን አወቀ ከኋላዋ። «ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲያዜም ጎረቤቱ ሁሉ ሰምቶታል። ዘጠኝ ተኩል ላይ ሔዋን ገብታ ጮኸች። እሁድ ዕለት በሰው ፊት ‹እጅህን እሰብረዋለሁ› ብላዋለች። ሙላት ከስምንት ሰዓት ጀምሮ መናኸሪያው አጠገብ ኬብል ሲያማርጥ ነበር፤ ባለሱቁ መስክሯል። ካቴናውን ላምጣ?»

«መንጋጋውን ነክተሃል?»

«ለምን እነካዋለሁ?»

«እንግዲያው ካቴናው ይቆይ።»

ሔዋን ግቢው ውስጥ ቆማ እጆቿን አጣምራ ጠበቀቻት። ከትምህርት ቤት እንደወጣች የመጣች አስተማሪ ናት፤ የጠመኔው ዱቄት ከእጅጌዋ አልረገፈም።

«ለምን ተጣላችሁ?»

«መዝሙሬን ከሲዲው አወጣዋ! ‹ድምፅሽ ገና ነው፤ ኢኮ ደርበን አንሸፍነውም› አለኝ። በሰው ፊት! ተናድጄ ነበር። ሞቶም ንዴቱ አልለቀቀኝም። ግን አልገደልኩትም።»

«ስትገቢ ምን አየሽ?»

«እሱን። ከዚያ… የስፒከሩ መብራት በርቶ ነበር። ስንቀዳ ስፒከር አንከፍትም፤ ድምፁ ተመልሶ ማይኩ ውስጥ ይገባና ያፏጫል። በጆሮ ማዳመጫ ነው የምንሰማው። ማዳመጫው ደግሞ ግድግዳው ምስማር ላይ ተሰቅሎ ነበር።»

«ኮምፒዩተሩስ?»

«ሙላት ነው ያጠፋው። ጩኸቴን ሰምቶ ከሰዉ ጋር ሮጦ ገባና መጀመሪያ ያደረገው እሱን ነው።»

ሥራነሽ ነጠላዋን አገልድማ መሬት ላይ ተቀምጣ ነበር። ከሰባት ሰዓት ጀምሮ ለቅሶ ቤት ቆይታ ስትመለስ የራሷ ለቅሶ ጠበቃት። ስለ ሁለቱ ጓደኛሞች ስትጠየቅ ፊቷ ቀላ።

«በምን ይጣላሉ? በኢኮ! በዚህ ኮተት! ወንድሜ ከየኔታ የተማረውን ዜማ፣ ሰው እንዲማርበት እንደ ወረደ ሊቀዳው ነው የፈለገ። ያ ደግሞ ከኮምፒዩተሩ እየመረጠ፣ አንዴ የዋሻ፣ አንዴ የአዳራሽ፣ አንዴ የካቴድራል ድምፅ ይደርብበታል። ዛሬ ጠዋት ድረስ ‹እታለም፣ የደረበውን ሁሉ አጠፋሁት፤ ንጹሑ ብቻ ቀረ› አለኝ። እየሳቀ።»

«ሙላት ያውቃል?»

«ከምሳ በኋላ ሲመጣ እነግረዋለሁ ብሎ ነበር።»

በግቢው ጥግ፣ ባለሦስት እግር ዱካ ላይ፣ የኔታ አካለ ወልድ ተቀምጠዋል። ተማሪያቸውን ሊያዩ ከደብረ ወርቅ በሚኒባስ መጥተው፣ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነው የደረሱት።

«ለምን ወደ ክፍሉ አልገቡም፣ የኔታ?»

«በሩን ልመታ ስል ዜማው ተጀመረ። የሚያዜም ሰው አይቋረጥም።» መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። «ሰባት ዓመት አስተማርኩት። አንድ ቀን እንኳ አመስግኜው አላውቅም፤ ድምፁ ይደርቅብኝ ነበር። ዛሬ ግን ከመቅደስ የሚወጣ ነው የመሰለኝ። ቃሉን ያነሣል፣ ግድግዳው ተቀብሎ ይመልስለታል። ዛሬስ ሆነለት አልኩ። ሲወጣ ልነግረው እዚህ ተቀመጥኩ።»

«ግድግዳው ይመልስለታል አሉኝ?»

«አዎን፣ ልጄ።»

የብርጓል ወደ ክፍሉ ተመልሳ በሩን ዘጋችና አንዴ አጨበጨበች። ጭብጨባው ጥጥ ላይ እንደ ወደቀ ጠጠር እዚያው ቀረ። ሔዋንን ጠርታ ኮምፒዩተሩን አስከፈተቻት፤ ሁለቱ ሩብ ሰዓት ያህል ቆዩ።

አስከሬኑ ከተነሣ በኋላ ሁሉም ግቢው ውስጥ ተሰበሰቡ።

«ሔዋን፣ ወደ ክፍሉ ግቢና በሩን ዘግተሽ አዚሚ።»

ከበሩ ጀርባ የወጣው ድምፅ ቀጭንና ደረቅ ነበር፤ ቃሉ እንዳለቀ ድምፁም አለቀ።

«አሁን ያሳየሁሽን ክፈቺው።»

ግቢው በድረስ ድምፅ ተሞላ። እያንዳንዱ ቃል ከጉልላት ላይ ተመልሶ የሚወርድ ይመስል ነበር። ሥራነሽ ጮኸች። የኔታ ከዱካቸው ብድግ አሉ።

«የሰማሁት ይህንን ነው!»

«ይበቃል፣ ዝጊው።» የብርጓል ወደ ሙላት ዞረች። «በዚያ ክፍል የሚያዜም ሰው ድምፁ አይመለስለትም፤ ካርቶኑ ይውጠዋል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያዜመው ስፒከሩ ነው። አሥር ሰዓት ላይ መንጋጋው የደረቀ ሰው ከሞተ ሁለት ሰዓት አልፎታል፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሊያዜም አይችልም።»

«ሔዋን ልትከፍተው ትችላለች!» አለ ሙላት።

«ሶፍትዌሩ ሲከፈት መጨረሻ የተሠራበትን ያመጣል። መጀመሪያው አንድ ሰዓት ከሩብ ባዶ ነው፤ ከዚያ ዜማው ይጀምራል። ተሠርቶ የተቀመጠው ዛሬ ሰባት ሰዓት ከአርባ ላይ ነው። ያን ጊዜ ሔዋን ክፍል ውስጥ እያስተማረች ነበር፤ አሁን ከርዕሰ መምህሩ በስልክ አረጋግጫለሁ። አንተ ሱቅ የታየኸው ከስምንት ሰዓት በኋላ ነው። ከዚያ በፊት የት እንደነበርክ ማንም አልጠየቀህም፤ የፈለግከውም ይህንኑ ነው። ጎረቤት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይሰማዋል፣ አንተ ኬብል ታማርጣለህ። ስትመለስ ማስረጃውን ለመዝጋት ሮጥክ።»

«ራሱ ድረስ አዘጋጅቶት ቢሆንስ?»

«ድረስ ጠዋት ኢኮውን በሙሉ አጥፍቷል። ይኼኛው ከሰዓት በኋላ እንደ አዲስ የተደረበ ነው። ደረቁን ድምፅ ከፍተህ ብትሄድ ኖሮ ማንም አይለየውም ነበር፤ ሔዋንም ዛሬ ታስራ ታድር ነበር። ሰው ገድለህ ኢኮ መረጥክለት። እንደ ወረደ ልትተወው አላስቻለህም።»

ሙላት ፈነዳ።

«አጥንት ነበራ! ሥጋ የሌለው አጥንት! ሁለት ዓመት ቁጭ ብዬ አለበስኩት፤ በአንድ ጠዋት አጠፋብኝ። ‹ጆሮ የለህም› አለኝ። እየሳቀ! በዚያው ብረት ሳቁን ዘጋሁለት!»

ሥራነሽ ዘልላ አንገቱን አነቀችው። ሳጅን አወቀ ሊያላቅቃት ሲታገል አዳልጦት ወደቀ።

በግርግሩ መካከል የኔታ የኢንስፔክተሯን እጅጌ ነካ አደረጉ። «እንግዲህ የሰማሁት እሱን አልነበረም?»

«ድምፁስ የእሱ ነው፣ የኔታ። መቅደሱ ነው ውሸቱ።»

ሔዋን ከክፍሉ ወጥታ ሳጅኑ ላይ ጣቷን ቀሰረች። «እኔን ነበር የምታስረው! ና፣ እሰረኛ! ለተማሪዎቼ ምን ልትላቸው ነበር?» ሥራነሽ ትጮኻለች፤ ሙላት ካቴናው እየገባለት ስለ ኬብልና ስለ ማይክ ይለፈልፋል፤ የብርጓል ሁለቱን ሴቶች ለማረጋጋት ትሞክራለች።

ከተከፈተው በር ድምፅ ይወጣ ነበር። ሔዋን ኢኮውን አጥፍታ ንጹሑን ከፍታው ኖሯል። ቀጭን ነው፤ ደረቅ ነው፤ ትንፋሹ ሳይቀር ይሰማል። አንድ ቦታ ላይ ዝቅ ማለት ሲገባው አልወረደም።

የኔታ አካለ ወልድ እንደ ልማዳቸው ራሳቸውን ነቀነቁና ያቺን ቦታ በለሆሳስ አቃኑለት። ከዚያ መቋሚያቸውን አነሡ፤ ገርበብ ባለው የቆርቆሮ በር ወጥተው ወደ መናኸሪያው ሄዱ።

ግቢው ውስጥ ጭቅጭቁ ቀጥሎ ነበር።